«ፈገግ በል» ሲባል ፊቱ የሚደርቅ ተነሺ፦ የሥራ ጉርድ ፎቶ ላይ ፊትን ስለማፍታታት

ግማሽ ጥላ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ መብራት አይደለም። መብራቱ አልቋል፦ 120 ሴንቲ ሜትር ኦክታቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ባለ ስምንት ጎን የመብራት ሽፋን) ከካሜራው በላይ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከደረት በታች ነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ)፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 5.6፣ ግራጫ ጀርባ። ፎከሱ ዓይን ላይ ነው፣ የቆዳው ቀለም ልክ ነው። የሚበላሸው ፊቱ ነው። ተነሺው ዳር ቆሞ ሲያወራ ፊቱ ሕይወት አለው። ካሜራው ፊት ቆሞ «ፈገግ በል» ሲባል ግን ከንፈሩ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ አንገቱ ይገተራል። ሥራው ለመሥሪያ ቤት ድረ ገጽና ለሊንክድኢን ነው፤ በተከታታይ ከ20 እስከ 30 ሰው፣ ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ። «ዘና አድርገው» የሚል ምክር ሞልቷል፤ እንዴት ተደርጎ እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ምን እንደምትሉና በምን ቅደም ተከተል እንደምትሉት ብትጽፉልኝ።

ሰማንያ አምስት
«ፈገግ በል» የሚለውን እርግፍ አድርገህ ተወው። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ የትእዛዙ ነው።

ፈገግታ የሁለት ጡንቻ ሥራ ነው። አንደኛው ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል፤ እሱ ሲታዘዝ እሺ ይላል። ሁለተኛው ዓይንን ዙሪያውን የከበበው ነው። ውጨኛው ክፍሉ ጉንጭን ያነሣል፣ ከዓይን ሥር ያለውን ቆዳ ሞላ ያደርገዋል፣ በዓይን ጠርዝ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። እሱ ግን ለብዙ ሰው በትእዛዝ ብቻ አይመጣም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ለየብቻ አንቀሳቅሶ በ1862 ባሳተመው ሥራ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዓይን የገባበት ፈገግታ እስካሁን በስሙ የሚጠራው በዚያ ምክንያት ነው። እኛ «ከአንገት በላይ ሳቅ» እንላለን። በጉርድ ፎቶ ላይ ግን «ከአፍንጫ በታች ሳቅ» ቢባል ይበልጥ ይገልጸዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፦ ዓይን መጀመሪያ፣ አፍ መጨረሻ። እንዲህ ነው የሚደረገው። ተነሺው ዓይኑን ይጨፍን። አየር በአፍንጫ ይሳብና በአፉ ቀስ አድርጎ ያውጣ፤ ሲያወጣ ከንፈሩ ሳይጨመቅ ልቅቅ ይበል። የላይና የታች ጥርሱ እንዳይነካኩ ንገረው። ጥርሱን የነከሰ ሰው ጆሮው ሥር ያለው የመንጋጋ ጡንቻ ጎልቶ ይወጣል፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ደግሞ የተቆጣ ያስመስለዋል። ከዚያ «ሦስት ስል ክፈት» በለውና ቁጠር።

ሦስት ባልክበት ቅጽበት አትጫን። ዓይን ሲከፈት ቅንድብ አብሮ ብድግ ይላል፣ ፊቱ የደነገጠ ይመስላል። ግማሽ ሴኮንድ ያህል ጠብቅ፣ ቅንድቡ ሲወርድ ሁለት ሦስት ፍሬም አንሣ፣ አቁም። ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከጠበቅክ ደግሞ ሰውየው ፊቱን «መያዝ» ይጀምራል። የተያዘ ፊት ይታወቃል፤ የከንፈሩ ጫፍ ባለበት ይቆያል፣ ጉንጩ ግን ወርዷል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ወይም 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል። አሁን ከፍቶ ከሆነ ዳግም እስኪያርገበግብ ትንሽ ፋታ አለህ፣ የተጨፈነ ዓይን ያለበት ፍሬም ይቀንሳል።

የታች ቆብ
ሰማንያ አምስት ስለ ጉንጭ ያለው ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥላ «ዓይኑ ይፈጣል» ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ዓይን ሲፈጥ የሚሆነው የላይኛው ቆብ ወደ ላይ መሸሹ ነው። ከጥቁሩ ክብ በላይ ነጭ መስመር ከታየ ተመልካቹ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ያነባል፣ አፉ የፈለገውን ያህል ቢስቅ። መድኃኒቱ የታችኛውን ቆብ ማንሣት ነው፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃል። የኒው ዮርኩ ጉርድ ፎቶ አንሺ ፒተር ኸርሊ በ2013 «ስኩዊንች» ብሎ ያስፋፋው ይሄንን ነው። ፊትን በቁጥር የሚመዘግበው የኤክማንና የፍሪዘን ሥርዓት (1978) ላይ ጉንጭ ማንሣት 6፣ ቆብ ማጥበቅ 7፣ የከንፈር ጫፍ መሳብ 12 ቁጥር ነው። 6 እና 7 ጎረቤት ናቸው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። 6 ደስታ ይሰጣል፤ 7 ብቻውን ሲመጣ ትኩረትና በራስ መተማመን ይሰጣል። ጥርሱን ማሳየት ለማይወድ ተነሺ የሚያስፈልግህ 7 ነው።

ተነሺውን «ዓይንህን አጥብብ» ካልከው ግን ሁለቱንም ቆብ ይዘጋል፣ ቅንድቡን ይቋጥራል፣ ፀሐይ የመታው ይመስላል። የሚሠራው ነገር፦ ጥቃቅን ፊደል ያለበት ወረቀት ከሌንሱ አፍ በላይ ለጥፍና «አንብበው» በለው። ፊደሉ ለማንበብ ትንሽ ብቻ የሚያስቸግር ይሁን። ከ2 ሜትር ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ አንገቱን ያሰግጋል፣ ግንባሩን ይቋጥራል። መሥራቱን የምታውቀው ቅንድቡን አይተህ ነው። ቅንድብ መካከል መስመር ከወጣ አልፈሃል፤ ወረቀቱን አንሣና እንደገና ጀምር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው መብራቱን ሳይሆን ተነሺውን ይወቅሳል። በማያቋርጥ የኤልኢዲ መብራት የምትሠራና ፊቱ ላይ በኃይል የለቀቅከው ከሆነ ዓይኑ ራሱን ለመከላከል ይጠባል፣ እንባ ያቀርራል። ያንን የትኛውም ምክር አይፈታውም፤ መብራቱን ዝቅ አድርገህ አይኤስኦ (የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም) ጨምር። በፍላሽ ከሆነ በተቃራኒው ክፍሉን አታጨልመው። በጨለማ ብሌን ይሰፋል። ቀለሙ ፈዛዛ የሆነ ዓይን ላይ ጥቁሩ ቀለሙን ይበላበታል። ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ የብሌኑ ስፋት እምብዛም አይለይም፤ እዚያ ዓይንን የሚያበራው የመብራቱ ነጸብራቅ ነው፣ እሱ ደግሞ የላይኛው ቆብ ሲወርድ ይሸፈናል። አገጩን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ነጸብራቁ መኖሩን እይ።

አስቀኝ
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አንድ ጥሩ ቀልድ ንገረው፣ ይስቃል፣ ትጫናለህ፣ አለቀ።

ሰማንያ አምስት
@አስቀኝ ቀልዱን ንገረው፤ ሲስቅ ግን አትጫን። ሙሉ ሳቅ ውስጥ ዓይን ይጨፈናል፣ አገጭ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ድድ ይወጣል። ለቤተሰብ አልበም ሸጋ ነው። ለሥራ ፎቶ የሚሆነው የሳቁ ጅራት ነው፦ ሳቁ አልቆ ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ፣ ከንፈሩ ሊገጥም ሲል፣ ጉንጩ ግን ገና ሳይወርድ። ያች ቅጽበት አንድ ሴኮንድ ያህል ናት። ጣትህ ቁልፉ ላይ ግማሽ ተጭኖ ይጠብቃት። የፍጥነት ተኩስ ካስፈለገህ እዚህ ላይ ተጠቀምበት፣ በሴኮንድ 5 ወይም 6 ፍሬም። ከዚያ በላይ ለፍላሹም ይከብደዋል፤ ኃይሉን ሳይሞላ ስለሚተኮስ ምርጧ ፍሬም ጨልማ ትመጣለች።

ለ30 ሰው ያንኑ ቀልድ መናገርም የራሱ ጣጣ አለው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰምተውታል።

ጥቁር መጋረጃ
እዚህ ላይ ትንሽ ልቃወም። «የዓይን መስመር ካለ እውነተኛ ነው፣ ከሌለ የይምሰል ነው» የሚለው ሕግ እንደሚባለው ጠንካራ አይደለም። ኋላ የመጡ ጥናቶች ብዙ ሰዎች ጉንጫቸውን አስበው ማንሣት እንደሚችሉ አሳይተዋል። አፍ በጣም ሲከፈት ደግሞ ጉንጩ ተገፍቶ ስለሚወጣ መስመሩ በግድ ይመጣል። ስለዚህ መስመር አትቁጠር። በቅንድብና በላይኛው ቆብ መካከል ያለውን ቆዳ እይ፤ የዓይን ጡንቻ በእርግጥ ሲሠራ ያ ቆዳ በውጨኛው ጫፍ በኩል በትንሹ ዝቅ ይላል። ጉንጭ በአፍ ብቻ ሲገፋ እሱ አይነቃነቅም።

ደግሞም እኛ የምንሸጠው እውነትን አይደለም፤ የሚነበበውን ነው። ዊሊስና ቶዶሮቭ በ2006 ባወጡት ጥናት ሰዎች አንድን ፊት ለ100 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ አይተው የሰጡት ግምት ያለ ጊዜ ገደብ ካዩት ሰዎች ግምት ጋር በጣም ተቀራርቦ ተገኝቷል። ቶዶሮቭና ፖርተር በ2014 ደግሞ የአንድ ሰው የተለያዩ ፎቶዎች የተለያየ ግምት እንደሚያሰጡት አሳይተዋል። ለዚህ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ያው ሰውዬ፣ ያው ኮት፣ ያው መብራት፣ የምትመርጠው ፍሬም ግን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

አሁን የረሳችሁት ነገር፦ አንገት። ፊት ላይ አንድም ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ ራስን ወደ ታች ማዘንበል ብቻውን ሰውየውን የበለጠ ኃይለኛ ያስመስለዋል። ዊትኮወርና ትሬሲ በ2019 ይህንን ለክተውታል፤ ምክንያቱም ራስ ሲዘነበል ቅንድቡ ከላይ ሲታይ እንደተቋጠረ የሾለ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ «አገጭህን ዝቅ» ባልክ ቁጥር፣ ሳታውቀው ተነሺውን እያኮሳተርከው ነው። ለጠበቃ ወይም ለሥራ አስኪያጅ ሊስማማ ይችላል። ለሕፃናት ሐኪም አይሆንም።

ድርብ አገጭ እንዳይታይ ብለህ ከሆነ የምታስዘቀዝቀው፣ ትክክለኛው ቃል «ግንባርህን ወደ ሌንሱ አቅርብ» ነው። «አገጭህን አውጣ» ከተባለ ሰው ሁሉ አገጩን ወደ ላይ ያነሣል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ታያለህ። ግንባር ሲቀርብ አንገት ይረዝማል፣ የመንጋጋ መስመር ይለያል፣ የራስ ማዘንበሉም ጥቂት ዲግሪ ላይ ይቆማል። ከጎን ሲታይ እንደ ኤሊ ነው፣ ተነሺውም «ይሄ ነገር አያምርም» ይላል። ከፊት የተነሣችውን አንድ ፍሬም አሳየው፣ ዝም ይላል።

የካሜራው ከፍታ በዓይኑ ልክ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ። ርቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይነስ። ቀርበህ ካነሣኸው አፍንጫው ይገንናል፤ ፈገግታ አፍንጫን ስለሚያሰፋ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሣልስ
ስለ «ቺዝ» ማንም አላነሣም፣ እኔ ላንሣው። ችግሩ ቃሉ የመጣበት ቋንቋ ሳይሆን ድምፁ ነው። ሣልስ ሲነገር ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ የታች ጥርስ ብቅ ይላል። ጉንጭ ወደ ላይ አይሄድም። እዚህ ሰው ቺዝን ሸሽቶ «እሺ» ያስብላል፤ «ሺ»ም ሣልስ ናት፣ ለውጥ የለውም። «አዎ» ደግሞ በሳብዕ ያልቃል፣ ከንፈሩን ያሞጠሙጠዋል። ካዕብማ ጨርሶ አይሞከርም፣ መሳም ነው።

የሚሻለው ራብዕ ነው፦ «ደህና»፣ «ጤና»። መንጋጋው ይከፈታል፣ ምላስ «ና» ላይ ከላይ ጥርስ ጀርባ ነክታ ትለቃለች፣ ከንፈር አይጨነቅም። ፎቶው ግን በቃሉ ላይ አይነሣም። በቃል መካከል የተነሣ አፍ ሁልጊዜ የሚያላምጥ ይመስላል። ቃሉ ካለቀ በኋላ ከንፈሮቹ ተመልሰው ሊገናኙ ሲሉ፣ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ስትቀር፣ ያኔ።

ጥርስን በተመለከተ፦ የላይኛው ጥርስ ብቻ ቢታይ ይመረጣል። የታችኛውም ከታየ አፉ ተለጥጧል ማለት ነው። ድዱ ብዙ ለሚታይ ሰው የምላሱን ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ጫን እንዲያደርግ ንገረው፤ ፈገግታው ያለ ልክ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። ደረቅ ከንፈር ደግሞ ጥርስ ላይ ይያዛል፣ ፈገግታው ሲመለስ አንድ ጎን ቀድሞ ይወርዳል። ውኃ አስቀምጥ።

ግማሽ ጥላ
በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለውን ነበር የፈለግሁት። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ይሄ ሁሉ በ8 ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይገባል? ሁለተኛ፣ «እኔ መሣቅ አልፈልግም፣ ቆፍጠን ያለ ይሁን» የሚሉ አሉ፤ ውጤቱ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፈገግታው ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ሰውስ?

ሰማንያ አምስት
የመጀመሪያው ደቂቃ ካሜራ አይነካበትም። ኮሌታ፣ የኮት ትከሻ፣ ግንባር ላይ ያለ ወዝ፣ መነጽር። እግሩን ወደ ጎን አዙሮ ይቁም፣ ክብደቱን በኋለኛው እግሩ ላይ ያሳርፍ። ፊት የሚደርቀው ከእግር ጀምሮ ነው፤ ጉልበቱን ቆልፎ የቆመ ሰው ትከሻው ይነሣል፣ ትከሻው የተነሣ ሰው አንገቱ ያጥራል።

ቀጥሎ አምስት ስድስት ፍሬም ዝም ብለህ አንሣ፣ «መብራት እየለካሁ ነው» በለው። ልክ ነው፣ እየለካህ ነው። ግን ደግሞ ማንም «አሁን ነው» ስላላለው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዷ ለምርጫ ትቀርባለች። ፋይሎቹን እንዳታጠፋ።

ከዚያ ሦስት ደቂቃ ያህል አፍ ተዘግቶ፦ ትንፋሽ፣ ዓይን ጨፍኖ መክፈት፣ የታች ቆብ። አፍ የተዘጋበትን አስቀድም። ከሣቅህ በኋላ ወደ ኮስታራ መመለስ ከባድ ነው፤ ጉንጭ ላይ የቀረው ሙቀት ሲጠፋ ሰውየው ያዘነ ይመስላል። ከኮስታራ ወደ ፈገግታ መሄድ ግን ቁልቁለት ነው። ሁለት ደቂቃ ለፈገግታ። የቀረችው አብሮ ማያ ናት፤ በኬብል ላፕቶፕ ላይ እየገባ ከሆነ በሁለቱ መካከል ላይ አንድ ጊዜ አሳየው፣ ከ15 ፍሬም በኋላ። ቶሎ ቶሎ ካሳየኸው ራሱን ማረም ይጀምራል። በጠቅላላው 40 ወይም 50 ፍሬም ይበቃል።

በመካከሉ «ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ» እያልክ አታዝንበው። ሁሉም ጥሩ ከሆነ የትኛውን ይድገም? የሠራውን ለይተህ ንገረው፦ «አሁን ግንባርህ ተፈታ፣ እሱን ያዘው።»

የታች ቆብ
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ሕግ በአብዛኛው አፍ ይዘጋ፣ ፊት ምንም አይግለጽ ይላል፤ ማሽን እንዲለየው ነው። ቆፍጠን ያለ የሥራ ፎቶ ግን «ምንም» አይደለም። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የታችኛው ቆብ ተነሥቷል፣ የከንፈር ጫፍ ደግሞ ለወትሮው ከሚያርፍበት አንድ ፀጉር ታህል ከፍ ብሏል። የብዙ ሰው ከንፈር ሲያርፍ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ፎቶው ላይ የተከፋ ይመስላል። ስለዚህ «አትሣቅ፣ ግን አሁን የምታውቀው ሰው በበሩ ሲገባ አየህ» በለው። ጫፉን ለመንካት ይበቃል። ከበዛ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል፣ ያ የንቀት ፈገግታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷን ፍሬም ተነሺው ቢወዳትም አትስጠው።

ለአንድ ጎን የሚያደላው፦ አብዛኛው ሰው ላይ ያለ ነው። ፊቱን ከፍ ወደሚለው ጎን ትንሽ አዙረው፤ ከፍ የሚለው የከንፈር ጫፍ ከካሜራው ይርቃል፣ ልዩነቱ ይጠባል። ሁለቱ ዓይኖች በመጠን የሚለያዩ ከሆነ ትንሹ ዓይን ወደ ካሜራ ይቅረብ፣ የቀረበ ይተልቃል። ሁለቱ እርስ በርስ ከተጣሉ ዓይኑን አስቀድም። በሕመም ምክንያት አንዱ የፊት ጎን ለማይታዘዝ ሰው ግን ሰፊ ፈገግታ አትለምን፤ ልዩነቱን የሚያጎላው እሱ ነው። አፍ የተዘጋበትን ከታች ቆብ ጋር ሥራ፣ መብራቱን ወደ መሀል አምጣ፣ የትኛውን ጎን እንደሚመርጥ እሱን ራሱን ጠይቀው።

ነጭ ሰሌዳ
«መብራቱ አልቋል» ያልከው ላይ። መብራት የተስተካከለው ፊቱ ባረፈበት ሰዓት ነው፤ ሲስቅ የፊቱ ቅርጽ ይለወጣል። ጉንጩ ይወጣና ወደ ላይ የሚመለከት ክብ ገጽ ይሆናል፣ ከላይ የሚመጣው መብራት ደግሞ እዚያ ላይ ያንጸባርቃል። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ይሄ በጣም ይጎላል፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀመጥና ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። መድኃኒቱ ብርሃኑን መቀነስ አይደለም፣ ምንጩን ማቅረብ ነው። ኦክታቦክሱ ሲቀርብ ለቆዳው ይተልቃል፣ ነጭ ነጠብጣቡም ሰፍቶ ይለሰልሳል። ወዙን በሶፍት ጫን እያደረጉ ማንሣትም አለ፤ አትሹ፣ ሽፍታ ያወጣል።

ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ጫፍ ያለው እጥፋትም እንዲሁ። ፈገግታ ያጠልቀዋል፣ የጎን መብራት ጥላ ይሞላበታል። ሰፊ ፈገግታ ስታነሣ ሪፍሌክተሩን ከደረት ወደ አገጭ ስር አንድ ስንዝር አቅርበው፤ ኮስታራውን ስታነሣ መልሰው።

አንድ ተጨማሪ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነና ሪሞት ካለህ ከጀርባው ውጣ። ሰው የሚያየውን ፊት ይቀዳል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያጨማደደ አንሺ ሲያይ እሱም ይጨማደዳል። ግን የትም አትቁም። ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከቆምክና ተነሺው 2 ሜትር ላይ ካለ፣ አንተን ሲያይ ዓይኑ ከሌንሱ 8 ዲግሪ ገደማ ይስታል፣ ይታወቃል። አገጭህ ከሌንሱ ልክ በላይ ይሁን፣ ልትጫን ስትል «ወደ ሌንሱ» በለው።

ቅንብር ቤት
ከናንተ ቀጥሎ ፋይሉ እኔ ዘንድ ስለሚመጣ፣ ምርጫና እርማት ላይ ልናገር።

ምርጫውን በትልቅ ስክሪን አትጀምሩት። ሊንክድኢን ላይ ምስሉ በክብ ተቆርጦ ጥፍር በምታህል ቦታ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ፍሬሞቹን አሳንሳችሁ ደርድሩና ከዚያ ርቀት ዓይን የሚጠራውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አጉልታችሁ የአውራ ጣት ፈተናውን ሥሩ፦ አፉን በጣት ሸፍኑት። ዓይኑ ብቻውን ደስ ያለው ሰው ዓይን ነው ወይስ የሚጠብቅ ሰው? ከዚያ ዓይኑን ሸፍናችሁ አፉን እዩት። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከተናገሩ ፍሬሙ ይውደቅ፣ ፎከሱ የፈለገውን ያህል ቢስል።

«የዚህን ዓይን፣ የዚያን አፍ ቀላቅልልን» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የሚሠራው ሁለቱ ፍሬሞች በአንድ ትንፋሽ የተነሡ ከሆነ ነው፣ የተጨፈነ ዓይንን ለመተካት። የኮስታራ ዓይን በሣቂታ አፍ ላይ ከተቀመጠ ጉንጩ ይመሰክራል፤ አፉ ወደ ላይ ስቧል፣ ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ግን ሜዳ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው የፈገግታ ማስተካከያም በሽታው ይኸው ነው፤ የከንፈርን ጫፍ ያነሣል፣ ጉንጭን ግን አያውቀውም። የወረደ የከንፈር ጫፍ ለማቅናት ጥቂት ነካ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ አሻንጉሊት ነው።

የዓይን ጠርዝ መስመሮችን ጨርሳችሁ አታጥፉ። ለማምጣት 8 ደቂቃ የለፋችሁበት ፈገግታ እነሱ ላይ ነው ያለው። በሌላ ሌየር (ከፎቶው በላይ በሚነባበር ገጽ) አጥፍታችሁ የእርማቱን ኃይል (ኦፓሲቲ) ወደ 30 ወይም 40 በመቶ መልሱት፤ ድካሙ ይቀንሳል፣ ፈገግታው ይቀራል።

ተነሺው «ይሄ እኔን አይመስልም» ሲል ደግሞ ከመከራከር በፊት ምስሉን በአግድም ገልብጣችሁ አሳዩት። ሰው ፊቱን የሚያውቀው በመስታወት ስለሆነ የፈገግታው ማድላት በተቃራኒ ጎን ሲሆን ይጎረብጠዋል። ለማሳመን ነው እንጂ ተገልብጦ አይሰጥም፤ የኮቱ ቁልፍ በሌላ ወገን ይዞርና ባልደረቦቹ «ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ።

ግማሽ ጥላ
የመጨረሻ ጥያቄ። መነጽር ያለው ሰው ኮስተር ሲል ነጸብራቅ የለም፣ ሲስቅ ግን ኦክታቦክሱ እንዳለ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ለምን?

ነጭ ሰሌዳ
ጉንጩ መነጽሩን ከታች ስለሚገፋው ነው። ክፈፉ ከታች ሲገፋ መስታወቱ ፊቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ ብርሃንም በገባበት ማዕዘን ስለሚወጣ ቀጥታ ወደ ሌንስህ ይመጣል። ስለዚህ መብራቱን መነጽር ላለው ሰው ስታስተካክል እየሳቀ ይሁን፣ ባረፈ ፊት አትለካ። መጀመሪያ የመነጽሩን ዘንግ ከጆሮው ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብላል። ፀጉሩ ከሸፈነው ማንም አያየውም። ካልበቃ ኦክታቦክሱን 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርግ፤ የዓይን ነጸብራቁ እንዳይጠፋ ግን ተከታተል። ሪፍሌክተሩም ከታች በኩል መስታወቱ ላይ ነጭ ግማሽ ጨረቃ ያወጣል፣ እሱን ወደ ደረት መልሰው።

የክፈፉ የላይኛ ጠርዝ ብሌኑን እንዳይቆርጥም እይ። ሲስቅ ክፈፉ ወደ ላይ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ አገጩን ሲያወርድ ነው የሚበላሸው።